ባለቅኔው መምህር ታጎር

የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል በምናከብርበት በዚህ ጊዜ፥ ትምህርት ቤት በምን እንደሚቆም ራሳችንን ብንጠይቅ ተገቢ መስሎ ታየን። ስለዚህ የሕንዱን ባለቅኔ የራቢንድራናት ታጎርን ታሪክ መረጥን። የመረጥንበትም ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፥ ከ1941 ወዲህ በነበሩት ዓመታት ብዙ የሕንድ መምህራን በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስላስተማሩ፥ የአገራቸው ታላቅ መምህር ለኛም እንግዳ አይደለም። ሁለተኛ፥ ታጎር በልጅነቱ ከትምህርት ቤት የሸሸ፥ ካደገ በኋላ ግን ሀብቱን ለትምህርት ቤት የሰጠ ሰው ነው። (የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ታጎር በ1861 በካልካታ ከተማ ተወለደ። አባቱ ደበንድራናት፥ ለምስል ሳይሰግድ አንድ አምላክን ብቻ የሚያመልከው የብራህሞ ሳማጅ ማኅበር መሪ ነበረ። ልጁ የክፍሉ ግድግዳ እንደ ወህኒ ቤት ስለ ታየው ትምህርቱን ሳይፈጽም ተወ። ይሁን እንጂ በ1873 አባቱ ወደ ሂማላያ ተራሮች ይዞት በሄደ ጊዜ፥ ቀን የሳንስክሪትን ቋንቋ፥ ማታ የከዋክብትን ነገር ያስተምረው ነበር። ገና ሳይነጋም አባቱ ለጸሎት ሲነሣ ልጁ ያይ ነበር። ታጎር ትምህርትንና ጸሎትን አንድ አድርጎ ማየት የጀመረው በዚህ ጉዞ ይመስለናል።

በ1901 ታጎር፥ አባቱ ለጸሎት ባቀናው በሻንቲኒኬታን፥ ትርጓሜውም «የሰላም ማደሪያ» በሆነው ስፍራ፥ በአምስት ተማሪዎች ትምህርት ቤት ከፈተ። ገንዘብ ስላጠረው በፑሪ የነበረውን ቤቱን ሸጠ፤ ሚስቱ ምሪናሊኒም ጌጧን አውጥታ ሰጠች። ትምህርቱ የሚሰጠው ከዛፍ ጥላ ሥር ነበር፤ የቆሎ ተማሪ ከየኔታው ፊት መሬት ላይ ተቀምጦ ሲቀጽል ላየ ለኛ አገር ሰው ይህ አያስደንቅም። ልጆቹ ጎሕ ሲቀድ ይነሣሉ፤ ገላቸውን ይታጠባሉ፤ ጧትና ማታም ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ታጎር ጸጥታውን አጥብቆ ይጠይቃል፤ የሚጸልዩ መስለው እንዲታዩ ግን አያስገድዳቸውም ነበር።

ፈተናው ሳይውል ሳያድር መጣ። በ1902 ሚስቱ፥ በ1903 ልጁ ሬኑካ፥ በ1905 አባቱ፥ በ1907 ደግሞ የመጨረሻ ልጁ ሻሚንድራናት ሞቱ። ትምህርት ቤቱን ዘግቶ ወደ ከተማ ቢመለስ ማን በወቀሰው? እርሱ ግን ማስተማሩን ቀጠለ። ረቡዕ ረቡዕም በጸሎት ቤቱ ለመምህራኑና ለተማሪዎቹ ስለ መንፈሳዊ ሕይወት ይናገር ነበር። ከነዚያ የሐዘን ዓመታት ጀምሮ የደረሳቸው መዝሙሮች በ1910 «ጊታንጃሊ» በሚል ስም በቤንጋሊ ቋንቋ ታተሙ። ከነዚህና ከሌሎች ግጥሞቹ መርጦ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው መጽሐፍ በ1912 ወጣ፤ በ1913ም ከእስያ የመጀመሪያው ሆኖ የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አገኘ። የሽልማቱን ገንዘብ ለገበሬዎች በሚያበድር ባንክ አኖረው፤ ወለዱም ለትምህርት ቤቱ እንዲውል አደረገ።

ክብርም ከኅሊናው አላስበለጠም። በ1919 የእንግሊዝ ጦር በአምሪትሳር መሣሪያ ባልያዘ ሕዝብ ላይ በተኮሰ ጊዜ፥ ከንጉሡ የተቀበለውን የማዕርግ ስም መለሰ። በ1921 በሻንቲኒኬታን ቪስቫ ብሃራቲ የተባለውን ከፍተኛ ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ በ1941ም በተወለደባት ከተማ ዐረፈ። በኋላ በ1998 የኢኮኖሚክስን የኖቤል ሽልማት ያገኘው አማርትያ ሴን በልጅነቱ የተማረው በዚያው በሻንቲኒኬታን ነው። ስፍራውም በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ።

እንግዲህ ታጎር ግጥሙን ለዝና፥ ጸሎቱን ለብቻው፥ ትምህርቱን ለደመወዝ ለያይቶ አልያዘም፤ ሦስቱም በአምስት ልጆች ፊት አንድ ሥራ ሆኑለት። ይህ እንዲሆን እርሱ ቤቱን፥ ሚስቱ ጌጧን ሰጡ። ለኛ መማር ደግሞ ወላጆቻችንና መምህራኖቻችን ከምን ላይ ቀንሰው እንደ ሰጡን፥ በዚህ በዓል ቀን አጠገባቸው ተቀምጠን ብንጠይቃቸው መልካም ነው።