ሦስት ምስክር ይዘው ይምጡ

ባለፈው ዓመት የልደት ምስክር ወረቀት ፍለጋ ቀበሌ ሄድኩ። በሃምሳ ምናምን ዓመቴ! ተወልጄ፣ አድጌ፣ ስንቱን አስተምሬ አስመርቄ፣ ጡረታ ደጃፍ ልደርስ ስል ነው መወለዴን የማስመሰክረው። ምን ይደረግ? ፓስፖርት የሚያወጣ ሰው ከነዋሪነት መታወቂያው ጋር የልደት ወረቀት ያቅርብ ተብሏል። እኔ ደግሞ እስከዚህ ዕድሜዬ ከአገር ወጥቼ ስለማላውቅ የጠየቀኝ አልነበረም።

መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ልጅ የመጨረሻ ልጄን ታክላለች። ጨዋ ናት።

«የት ተወለዱ ጋሼ?»

«እዚሁ ደሴ። ሙጋድ።»

«ሐኪም ቤት ነው እቤት?»

«እቤት።»

«መቼ?»

«በ1961።»

ፈገግ አለችና፣ «እንግዲያው ነባር ነዎት። ሦስት ምስክር ይዘው ይምጡ» አለችኝ።

ነባር! ነገሩ እንዲህ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ሕፃን በ90 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። ከዚያ በፊት የተወለድነው ግን በመዝገቡ ቋንቋ «ነባር» ነን። መቼም ነባርነት ባገራችን ክብር ነበረው፤ እዚህ ግን ምስክር የሚያስፈልገው ሰው ማለት ሆነ።

እየሳቅሁ ወጣሁ። ፒያሳ ደርሼ ቡና አዝዤ ስቀመጥ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ለመሆኑ እኔ ኢትዮጵያዊ መሆኔን የሚናገር ወረቀት አለኝ? ኪሴን ፈተሽኩ። የቀበሌ መታወቂያዬ የዚህ ቀበሌ ነዋሪ መሆኔን ይናገራል። ፋይዳዬ ባለ 12 አኃዝ ቁጥር አለው፤ በ2015 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 ግን የቆመው ነዋሪን ከነዋሪ ለመለየት ነው፤ እዚህ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር የውጭ አገር ሰውም ፋይዳ ያወጣል። የቀረው መንጃ ፈቃድ ነው፤ እሱም መንዳቴን እንጂ የማን ልጅ መሆኔን አያውቅም።

ሕጉን የጠየቃችሁ እንደሆነ መልሱ አጭር ነው። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ የወጣው ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. ነው፤ ንግሥት ዘውዲቱ ካረፉ በኋላ፣ ተፈሪ መኮንን ከመንገሣቸው በፊት። በዚያ ሕግ አገር ውስጥም ይወለድ ውጭ፣ አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ ነው። «አባቱ ወይም እናቱ» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። እንግሊዛዊት እናት በውጭ አገር ለወለደችው ልጅ ዜግነቷን እንደ አባት እኩል ማውረስ የቻለችው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። (የኛም ሕግ ዝርዝሩ ውስጥ ሲገባ ሴቷን ይጎዳ ነበር፤ ውጭ አገር ባዕድ አግብታ የባሏን ዜግነት ካገኘች የራሷን ታጣለች።)

ያኔ ሕጉ ለምን አስፈለገ? እንደሚመስለኝ ጉዳዩ ከዳኝነት ጋር የተያያዘ ነው። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የክሎቡኮውስኪ ውል ለውጭ ሰዎች በገዛ ቆንስላቸው የመዳኘት መብት ሰጥቶ ነበር። ስለዚህ ገበያ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን በደለ?» ሳይሆን «ይኼ ሰው የማን ሰው ነው?» ነበር ማለት ነው። የመን ዓረቡ፣ አርመኑ፣ ግሪኩ በሚነግድበት አገር ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ዛሬ የሚሠራው በ1996 የወጣው አዋጅ ቁጥር 378 ነው። ከሁለት አንዱ ወላጁ ኢትዮጵያዊ የሆነ ኢትዮጵያዊ ነው። ሕገ መንግሥቱም ይህንኑ ይላል፤ ማንም ኢትዮጵያዊ ያለ ፈቃዱ ዜግነቱን አይገፈፍም ብሎም ያክላል። አዋጁ ውስጥ በጣም የምወዳት አንዲት ቦታ አለች። ተጥሎ የተገኘ ሕፃን፣ ሌላ ዜግነት እንዳለው ካልተረጋገጠ በቀር፣ ከኢትዮጵያዊ ወላጅ እንደተወለደ ይቆጠራል። እሰየው! እናትና አባቱ የማይታወቀውን ሕፃን ሕጉ ያለ ምስክር አመነው፤ እኔ እናትና አባቴ ሙጋድ የሚታወቁት ሰውዬ ሦስት ምስክር ልፈልግ ነው።

ችግሩ ሕጉ ላይ አይደለም፤ ማስረጃው ላይ ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመዝገብ ይረጋገጣሉ ብሎ በሰፊው ደነገገ። መጨረሻው ላይ ግን በአንቀጽ 3361፣ የመዝገቡ ነገር ወደፊት ትእዛዝ እስኪወጣ ይቆይ አለ። ቆየም! የምዝገባው አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004፣ ሥራው የተጀመረው በ2008። ከ1952 እስከ 2008 ስንት ነው? 56 ዓመት። የኔ ዕድሜ መሆኑ ነው።

በመካከሉ ክፍተቱን የሸፈነው ቀበሌ ነው። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበርን የወለደው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ነው። ለቤትና ለቦታ ተብሎ የተቋቋመው ቀበሌ ቀስ በቀስ የሰው መዝገብ ሆነ። ስኳሩ በቀበሌ፣ ጋዙ በቀበሌ፣ የይለፍ ወረቀቱ በቀበሌ። የነዋሪነት መታወቂያውም በልማድ የኢትዮጵያዊነት ወረቀት ሆነ።

እንግዲህ ካቡን ከላይ ወደ ታች እንውረድበት። ፓስፖርት የቆመው በልደት ወረቀትና በመታወቂያ ላይ ነው። የኔ ቢጤ ነባር የልደት ወረቀት የሚያገኘው በመታወቂያና በምስክር ነው። መታወቂያው ከሌላ ቦታ ለመጣ ሰው በመሸኛ፣ መሸኛ ለሌለው በምስክር። ወርዳችሁ ወርዳችሁ መሠረቱ ላይ የምታገኙት «እናውቀዋለን» የሚሉ ሰዎችን ነው። በ2006 ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ሲመለሱ፣ ፓስፖርት በእጁ ያልነበረው ብዙ ሰው በሊሴ ፓሴ ነው የገባው። ከዚያ የተመለሰች የሰፈራችን ልጅ ስትነግረኝ፣ የጠየቋት አገሯንና ቤተሰቧን ነው። ቀበሌዋን፣ የገበያውን ቀን፣ የአባቷን ስም ስትነግራቸው አመኗት። አፏ መታወቂያዋ ሆነ።

ወረቀቱ ራሱ ምን ያህል ይታመናል? አያቴ ሐሰን ይባላሉ። መታወቂያዬ ላይ በሐመሩ «ሐ»፣ ዲግሪዬ ላይ በሃሌታው «ሀ» ተጽፈዋል። «ጋሼ፣ ስሙ አይመሳሰልም» ተባልኩ። ስንት ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር፣ እነዚህ ፊደላት ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ይቀነሱ አይቀነሱ እያልኩ ተማሪዎቼን ሳከራክር ኖሬአለሁ። ክርክሩ ቀበሌ ድረስ ተከትሎኝ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።

እስካሁን የቀለድኩት ወደማያስቀው ነገር ላለመግባት ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ የአሰብ መንገድ ልጆች ናቸው። በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ አሰብ የሚወርደው መኪና ስንቱን አኑሯል። እኛ ሰፈርም አንድ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር። ትውልዱ ኤርትራ፣ ሚስቱ የባቲ ልጅ፣ ልጆቹ ደሴ የተወለዱ። በሚያዝያ 1985 በተደረገው ሪፈረንደም ድምፁን ሰጥቶ ተመልሶ መሪውን ጨበጠ። ያኔ «ምረጥ» ያለው አልነበረም፤ ከዚያም በኋላ አምስት ዓመት በኢትዮጵያዊ መታወቂያው ሠራ። በ1990 ጦርነቱ ሲነሳ ግን ያ ድምፅ ማስረጃ ሆነበት።

ሂውማን ራይትስ ዎች እንደገመተው በዚያ ጦርነት ከኢትዮጵያ ወደ ኤርትራ የተባረረው ሰው 75 ሺህ ይሆናል፤ ኤርትራም በሰባ ሺህ የሚገመት ኢትዮጵያዊ አባራለች። ሔግ የተቀመጠው የሁለቱ አገሮች የካሣ ኮሚሽን በ1997 ፍርዱን ሲሰጥ፣ በሪፈረንደሙ የኤርትራን ዜግነት ያገኙ ሰዎች የኢትዮጵያንም ይዘው ነበር አለ። ተጣርተው የተባረሩትን በተመለከተ ኢትዮጵያን ባያወግዝም፣ እዚሁ የቀሩትና በሌላ አገር የነበሩት ዜግነታቸውን የተነጠቁት ያለ አግባብ ነው ሲል ወሰነ።

ፍርዱን ያነበብኩት ኋላ ነው። ሾፌሩ በተወሰደ ሰሞን ሚስቱ ቤታችን መጥታ ነበር። «አንተ የተማርክ ነህ፤ አብረኸኝ ሂድና ስለ እሱም ስለ ልጆቹም የምታውቀውን ተናገርልኝ» አለችኝ። ልጆቹ በእናታቸው በኩል ጥያቄ የላቸውም፤ ሲወለዱም አባታቸው ኢትዮጵያዊ ነበር። ፈተና እያረምኩ ነው አልኳት። ነገ አልኳት። ነገ ሌላ ነገ አመጣ። ከዚያ ቤቱ ተዘጋ። ብሄድ ኖሮ ይለወጥ ነበር አልልም። ግን ሦስት ምስክር የሚጠየቅበት አገር ውስጥ እኔ አንዱ ነበርኩ፤ አልቆምኩም።

ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ነገሩ ሌላ መልክ ይዞ መጣብኝ። እቤቴ የነበረውን መጻሕፍት ሁሉ ትቼ የያዝኩት አንድ ፌስታል ነው፤ መታወቂያ፣ ዲግሪ፣ የቤት ካርታ። መንገድ ላይ ያየሁት ሰው ሁሉ ፌስታል ይዟል። ኬላው ላይ የማያውቀን ሰው ይጠይቀናል፤ የሚያውቀን ጎረቤት ደግሞ በየፊናው ተበትኗል። ምስክር የሌለው ሰው ምን እንደሚመስል ያኔ አየሁ። ኅዳር መጨረሻ ከተማው ተለቀቀና ተመለስን።

ወደ ምስክሮቼ ልመለስ። ሁለቱን ቶሎ አገኘሁ፤ አንዱ ጡረተኛ መምህር፣ አንዱ ልብስ ሰፊ ናቸው። ልብስ ሰፊው «አብሽር፣ እመጣለሁ» ብለው ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። ሦስተኛዋ የእናቴ ጎረቤት የነበሩ፣ ሰማንያን ያለፉ እናት ናቸው። ደግፌ አደረስኳቸው። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ፣ «እማማ፣ እዚህ ደሴ መወለዱን በምን ያውቃሉ?» ስትላቸው ቆጣ አሉ።

«በምን ታውቂያለሽ ትለኛለች እንዴ! ገንፎውን በልቻለሁ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጅቷም እየሳቀች አስፈረመቻቸው።

ስንመለስ መንገድ ላይ የሾፌሩን ቤት አለፍን፤ ዛሬ ሱቅ ሆኗል። እማማ ቆም አሉና፣ «የነዚያንም ልጆች ገንፎ በልቼ ነበር። የጠየቀኝ የለም እንጂ» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ወልዳችሁ ያላስመዘገባችሁ፣ 90 ቀኑ ሳያልፍ ሂዱ፤ ልጃችሁ እንደኔ ነባር አይሁን። ጎረቤታችሁ መጥቶ «ተናገርልኝ» ሲላችሁ ደግሞ ፈተናውን ነገ አርሙት።