የደስታ በሽታ መጥፋትና የእንስሳት ጤና ረዳት ትምህርት

የአንድ ሀገር ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ የነገሥታቱና የጦር አለቆቹ ሥራ ብዙውን ገጽ ይይዛል። የገበሬውን በሬና የከብት አርቢውን ላም ከሞት ያዳኑ ሰዎች ግን በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ስማቸው እምብዛም አይገኝም። ይሁን እንጂ በሬ የሌለው ገበሬ አያርስም፤ ያላረሰም አያመርትም፤ ያላመረተ ሕዝብ ደግሞ ግብር ሊከፍልም ሆነ ልጁን ትምህርት ቤት ሊልክ አይችልም። ስለዚህ የከብትን ጤና የሚጠብቁ ሰዎች ምን ተማሩ፥ እንዴትስ ተማሩ፥ ከትምህርታቸውስ ምን ፍሬ ተገኘ ብሎ መመርመር ለመምህራን የሚገባ ሥራ ነው።

በኢትዮጵያ የዚህ ታሪክ መነሻ ታላቅ መከራ ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ለኢጣልያ ጦር ተብለው ከባሕር ማዶ ተጭነው በምጽዋ ወደብ ከወረዱት ከብቶች ጋራ አንድ ክፉ በሽታ እንደ ገባ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ። ሕዝቡ ይህን በሽታ «ደስታ» ብሎ ይጠራው ነበር፤ ስሙና ግብሩ ግን ፈጽሞ አይገናኙም። የታመመው ከብት ትኩሳት ይይዘዋል፤ ዓይኑ ያለቅሳል፤ አፉ ይቆስላል፤ ከዚያም ተቅማጥ ያጣድፈውና በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። በሽታው ከዚያ በፊት አይተውት በማያውቁ መንጋዎች ላይ ስለ ወደቀ ከአሥሩ ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። ከከብቱ እልቂት ጋራ ድርቅና አንበጣ ተደርቦ፥ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የቆየውና ሕዝቡ «ክፉ ቀን» ብሎ የሰየመው ረኃብ ሀገሩን አጠፋው። አፄ ምኒልክም በሬ ያጣው ገበሬ በእጁ እንዲቆፍር ለማበረታታት ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት እንደ ቆፈሩ በታሪክ ተመዝግቧል። በሽታው በዚያ ሳይወሰን ወደ ደቡብ ተጉዞ የማሳይን ከብት ፈጀ፤ እ.ኤ.አ. በ1896 ዓ.ም. የዛምቤዚን ወንዝ ተሻግሮ እስከ ደቡብ አፍሪካ ደረሰ።

በዚያ ዘመን የነበረው ሕዝብ ስለ ከብት ሕመም ምንም አያውቅም ነበር ማለት ስሕተት ነው። እረኛውና ከብት አርቢው አባ ሰንጋን ከአባ ጎርባ፥ ጎሮርሳን ከገንዲ ለይቶ በየስሙ ይጠራ ነበር። የታመመውን ከጤነኛው መለየት፥ በሽታ ካለበት ቀበሌ መንጋን ማራቅ፥ የተሰበረን አጥንት ማሰር፥ ያበጠን መብጣት የተለመደ ጥበብ ነበር። የጎደለው ነገር ሌላ ነው። ይህን እውቀት የሚሰበስብ፥ የሚፈትን፥ ለሌላው አውራጃ የሚያስተላልፍ ትምህርት ቤት አልነበረም። አንዱ መንደር በመከራ የተማረውን ሌላው መንደር እንደ ገና በመከራ መማር ነበረበት።

በአውሮፓም ቢሆን ነገሩ የተጀመረው በዚሁ በሽታ ምክንያት ነው። በፈረንሳይ ሀገር በሊዮን ከተማ ክሎድ ቡርዥላ የተባሉ ሰው እ.ኤ.አ. በ1761 ዓ.ም. ፈቃድ አግኝተው የመጀመሪያውን የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ሲያቋቁሙ፥ ከተሰጣቸው ምክንያት አንዱ የደስታን በሽታ መከላከል ነበር። እንግዲህ ይህ ሙያ ከቤተ መጻሕፍት የተወለደ ሳይሆን ከበረት የተወለደ ነው ማለት ይቻላል።

በኢትዮጵያ ከክፉ ቀን እስከ መጀመሪያው የከብት ጤና ትምህርት ቤት ድረስ ሰባ ዓመት ያህል አልፏል። በ1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ከመሥሪያ ቤቶቹ አንዱ የእርሻ ሚኒስቴር ሆነ። ነገር ግን የተማረ ሰው የሌለው መሥሪያ ቤት ማኅተም እንጂ እጅ የለውም። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1939 ዓ.ም. የአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ የጅማው የእርሻ ትምህርት ቤት ተከተለው፤ የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅም በጥር ወር 1950 ዓ.ም. ተመረቀ። በነዚህ ቤቶች የእርሻና የከብት ርባታ ትምህርት ይሰጥ ነበር። በዚያው በ1950ዎቹ ዓመታት ውስጥ፥ ያን ጊዜ ደብረ ዘይት ትባል በነበረችው በቢሾፍቱ ከተማ ክትባት የሚሠራ ተቋምና የእንስሳት ጤና ረዳቶችን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ተቋቋሙ።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዲያስተውል ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ የረዳቱ ትምህርት ቤት ከሐኪሙ ትምህርት ቤት በፊት ተከፈተ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የእንስሳት ሐኪሞችን የሚያስተምረው ክፍል በዚያችው ከተማ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1979 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ሐኪሞቹ ከውጭ ሀገር የመጡ ወይም በውጭ ሀገር የተማሩ ጥቂቶች ነበሩ። ስለዚህ በየአውራጃው የታመመችን ላም የሚያይ፥ መርፌውን የሚወጋና መዝገቡን የሚጽፍ ብዙውን ጊዜ ረዳቱ ነበር። «ረዳት» የሚለው ስም ሥራውን አሳንሶ ያሳያል እንጂ ሸክሙን አይገልጸውም።

የረዳቱ ትምህርት ምን እንደሚመስል ማወቅ የሥራውን ክብደት ለመረዳት ይጠቅማል። ተማሪው አስቀድሞ ከብትን ያለ ጉዳት መያዝን፥ መጣልንና ማሰርን ይማራል፤ ይህን የማይችል ሰው የቀረውን ቢያውቅም ምንም ሊሠራ አይችልምና። ቀጥሎም የጤነኛ ላም ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ተኩል መሆኑን፥ የልብ ትርታንና አተነፋፈስን መቁጠርን፥ የማመስኳትን መቆም መመልከትን ያጠናል። የአካል ክፍሎችን ስም በሰሌዳ ላይ ብቻ ሳይሆን በቄራ ቆሞ በእጁ እየዳሰሰ ይለያል። የሞተን ከብት ከፍቶ የሞቱን ምክንያት መፈለግን ይማራል፤ ከሁሉ ይልቅ ግን መክፈት የማይገባውን መለየት ይማራል። አባ ሰንጋ የገደለው ከብት በድን ከተከፈተ በደሙ ውስጥ ያለው ጀርም አየር አግኝቶ ራሱን በጠንካራ ቅርፊት ይሸፍናል፤ በአፈር ውስጥም ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ ከፋቹንም ሊገድለው ይችላል። በዚህ ትምህርት ውስጥ ግማሽ እውቀት ከአለማወቅ የሚብስበት ቦታ እንዳለ ይህ አንድ ምሳሌ ይበቃል።

የክትባቱም ነገር እንዲሁ ነው። ዋልተር ፕላውራይት የተባሉ እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም በኬንያ ሀገር በሙጉጋ፥ ከባልደረቦቻቸው ጋራ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ደክመው፥ አንድ ጊዜ የተከተበን ከብት ዕድሜውን ሙሉ ከደስታ በሽታ የሚጠብቅ ክትባት ሠሩ። ክትባቱ ግን ሙቀት ያበላሸዋል። ከተቋሙ ማቀዝቀዣ ወጥቶ በበረዶ ሣጥን ተጭኖ እስከ መጨረሻው መንጋ ድረስ ሳይሞቅ መድረስ አለበት። በመንገድ ላይ የሞቀውን ጠርሙስ የሚወጋ ሰው ውሃ ወግቶ ከብቱ ተከተበ ብሎ ይመዘግባል፤ ባለ ከብቱም አምኖ ይሄዳል፤ በሽታው ሲመጣ ግን መዝገቡ አያድነውም።

ይህ ፍርሃት በእርግጥ ደርሷል። እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1976 ዓ.ም. ድረስ፥ በኋላ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በተረከበው ታላቅ የክትባት ዘመቻ፥ በብዙ የአፍሪካ አገሮች በሚሊዮን የሚቈጠሩ ከብቶች ተከተቡ። በሽታውም ከአብዛኛው ቦታ ጠፋ፤ ብዙ ሰውም ሥራው አለቀ ብሎ አሰበ። ነገር ግን መኪና በማይገባበት፥ በረዶ በማይቆይበት፥ ባለ ከብቱም ውሃና ሣር ተከትሎ በሚዘዋወርበት ቆላ በሽታው ተደብቆ ቀረ። ክትባቱና ጥበቃው ሲላላ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንደ ገና ተነሥቶ በአፍሪካ ብዙ ከብት ፈጀ። ክትባቱ በከተማው ማቀዝቀዣ ውስጥ ነበር፤ ላሟ ግን በበረሃ ሞተች። «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት ለዚህ ዘመን የተነገረ ይመስላል።

ችግሩን የፈታው የሁለት ነገር መገናኘት ነው። አንደኛው፥ ጄፍሪ ማሪነር የተባሉ አሜሪካዊ የእንስሳት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው የፕላውራይትን ክትባት አደራረቅ አሻሽለው፥ ያለ ማቀዝቀዣ እስከ አንድ ወር ድረስ በሜዳ ሊቆይ የሚችል አደረጉት። ሁለተኛው የትምህርት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአፋር ምድር፥ ሽማግሌዎች ከየጎሣቸው መርጠው የሰጧቸው ከብት አርቢዎች በአጭር ጊዜ ሥልጠና ክትባት መስጠትን ተማሩ። ከመካከላቸው ፊደል ያልቈጠሩ ነበሩ። ነገር ግን የመንጋውን መንገድ፥ የውሃውን ጉድጓድና የበሽታውን መልክ ከማንም ይልቅ ያውቃሉ። ክትባቱን ተሸክመው በእግራቸው ወደ መንጋው ሄዱ።

ይህ ሥራ በባለሙያዎች ዘንድ ያለ ክርክር አላለፈም። የተቃወሙት ወገኖች መርፌና መድኃኒት ባልተማረ ሰው እጅ ሲገባ ሙያው ይረክሳል፥ ከብቱም ይጎዳል ብለው ይፈሩ ነበር። ይህ ፍርሃት ከንቱ አልነበረም፤ ከዚህ በላይ ስለ አባ ሰንጋ የተነገረው ምሳሌ ራሱ ያስረዳል። የደገፉት ወገኖች ግን፥ ሐኪሙ በማይደርስበት ቦታ ምርጫው በሐኪምና በእረኛ መካከል ሳይሆን በተማረ እረኛና በማንም አለመኖር መካከል ነው ብለው መለሱ። የነገሩ ፍጻሜም ሁለቱን ወገኖች አስታረቀ ማለት ይቻላል። ተከታታይና ተቈጣጣሪ ያለው እንደ ሆነ የእረኛው እጅ ታማኝ ሆኖ ተገኘ፤ ተቈጣጣሪ የሌለው እንደ ሆነ ግን የተቃዋሚዎቹ ፍርሃት እውነት ሊሆን ይችላል። በሐኪሙና በእረኛው መካከል ቆሞ ሁለቱን የሚያገናኘውም ያው የእንስሳት ጤና ረዳት ነው።

ውጤቱ በዓለም ፊት ታየ። በኢትዮጵያ የደስታ በሽታ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ በ2000 ዓ.ም. ሀገሪቱ ከበሽታው ነጻ መሆኗ በዓለም አቀፉ የእንስሳት ጤና ድርጅት ተረጋገጠ። በዓለም የመጨረሻው ምልክት በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2001 ዓ.ም. ተገኝቶ ነበር። በሰኔ ወር 2003 ዓ.ም. የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በሽታው ከምድር ፈጽሞ መጥፋቱን አስታወቀ። በሰው ጥረት ከምድር ከጠፉት በሽታዎች ፈንጣጣ የመጀመሪያው ሲሆን ደስታ ሁለተኛው ሆነ።

የረዳቱ ትምህርት አስፈላጊነት ግን በሽታው በመጥፋቱ አልቀነሰም። የጎረቤት አገር ምሳሌ ይህን ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረብ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የተባለውን በሽታ ፈርታ ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጡ ከብቶችን ስትከለክል፥ በበርበራ ወደብ ከብት ሸጦ የሚኖረው የሱማሌ አርቢ ገበያው ተዘጋበት። እገዳው እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ቆየ። በዚያው ጊዜ፥ እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. በሸይኽ ከተማ የእንስሳት ጤና ቴክኒሻኖችን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ተከፈተ። ለገዢው አገር በሽታ የለም ማለት ብቻ አይበቃም፤ ደም ወስዶ፥ መርምሮ፥ መዝግቦ የሚያስረዳ የተማረ ሰው ያስፈልጋል። በኢትዮጵያም ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ እንደ አላጌና እንደ ጌዋኔ ባሉ የእርሻ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች መካከለኛ ባለሙያዎች እየሠለጠኑ ወደ ቀበሌዎች ተሰማርተዋል።

ከዚህ ታሪክ ለመምህራን ሦስት ነገር ይተርፋል። በመጀመሪያ፥ በእጅ የሚሠራ ሙያ በእጅ ካልተማሩት አይያዝም፤ የታመመች ላም ሳይዳስስ የተመረቀ ተማሪ ትምህርቱን በገበሬው ኪሣራ ይጨርሳል። ሁለተኛም፥ መምህሩ የሕዝቡን ቃልና እውቀት ሳይንቅ መነሣት አለበት፤ አርቢው በሽታውን በምን ስም እንደሚጠራው ያልጠየቀ ተማሪ የሚነገረውን ምልክት አይሰማም። ሦስተኛም፥ ተማሪ የሚችለውን ያህል የማይችለውን ማወቅ ይገባዋል፤ «ይህ ከእኔ በላይ ነውና ሐኪም ይጠራ» ማለት የሚያሳፍር ሳይሆን የትምህርቱ አንድ ክፍል ነው።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ፈተና ቀርቧል። ሕዝቡ «ደስታ መሰል» የሚለው የበግና የፍየል በሽታ በድኾች ቤት ያለችውን ጥቂት ሀብት ይፈጃል፤ ዓለምም ይህን በሽታ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ዓ.ም. ለማጥፋት አቅዷል። ክትባቱ አለ። የደስታ በሽታ ታሪክ እንዳስተማረው ግን ክትባት በራሱ አይሄድም፤ የሚወስደው ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው ዛሬ በአንድ መምህር ፊት ተቀምጦ የሙቀት መለኪያ ማንበብን የሚማር ልጅ ነው። መምህሩ በትዕግሥት ያስተማረው እንደ ሆነ፥ ነገ አንዲት ባልቴት ፍየሎቿን በጠዋት ቈጥራ ሙሉ ሆነው ታገኛቸዋለች።