ባለቤቱ ያላወቀው ወርቅ፤ ስለ ታፈነ ስሜትና ስለ አንድ የመስኮብ ልብ ወለድ ታሪክ

ቅኔ ቤት የዋለ ሁሉ እንደሚያውቀው ሰም ወርቅን የሚሸፍነው ሊያጠፋው አይደለም፤ ሰሚው መርምሮ እንዲያገኘው ነው እንጂ። ባለቅኔውም የሸፈነውን ነገር አስቀድሞ ያውቃል። ነገር ግን አንድ ሰው ሰሙን በገዛ እጁ ሠርቶ፣ ከሰሙ በታች ወርቅ መኖሩን ራሱ ባያውቅ ምን ይባላል? እንዲህ ያለውን ነገር ሲመረምር የኖረ የቪየናው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ ነው። እርሱም እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1900 ዓ.ም. ስለ ሕልም ፍች ባወጣው መጽሐፍ፣ ሕልም በላይ የሚታይ አንድ ነገርና በውስጥ የተሰወረ ሌላ ነገር እንዳለው፣ የሚሰውረውም የሕልመኛው የገዛ ልቡናው እንደ ሆነ አስረዳ። በ1915 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ስሜት መታፈን በጻፈው ድርሰት፣ ከኅሊና የተባረረ ነገር እንደማይሞት፣ በስውር ኖሮ መልኩን ለውጦ እንደሚመለስ ገለጸ።

እዚህ ላይ መለየት የሚገባ ነገር አለ። ጾመኛ ረኀቡን ያውቃል፤ አውቆም ይታገሠዋል። ቍጡም ቍጣውን አውቆ ቢገታው ራሱን ገዛ ይባላል። የታፈነ ስሜት ግን ባለቤቱ «እኔ ዘንድ የለም» የሚለው ስሜት ነው። ስለዚህ መግታትና ማፈን በመልክ ቢመሳሰሉም በግብር የተለያዩ ናቸው። ይህን ልዩነት ያልተረዳ ገዥ ሕዝቡን ምን ሊያደርገው እንደሚችል የሚያሳዩን፣ ስለሚመጣው ክፉ ዘመን የተጻፉት ልብ ወለድ ታሪኮች ናቸው።

ከእነዚህም ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ የቭጌኒ ዛምያቲን በ1920 እና በ1921 ዓ.ም. የጻፈው «እኛ» የሚባለው መጽሐፍ ነው። ዛምያቲን በ1884 ዓ.ም. በመስኮብ አገር በሌበድያን ከተማ ከኦርቶዶክስ ቄስ ተወለደ፤ የመርከብ መሐንዲስ ሆኖም በ1916 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር ተልኮ የበረዶ ሰባሪ መርከቦችን ሥራ ተቈጣጠረ። ስለዚህ ስለ መኪናና ስለ ሥርዓት ሲጽፍ የሰማውን ሳይሆን የሚያውቀውን ጻፈ።

በታሪኩ ውስጥ ሰዎች ስማቸው ቀርቶ በፊደልና በቍጥር ይጠራሉ፤ ግድግዳው ሁሉ መስተዋት በሆነ ቤት ይኖራሉ፤ መነሣታቸውም መተኛታቸውም በሰዓት ሰሌዳ የተወሰነ ነው፤ ሕልም ማየትም እንደ በሽታ ይቈጠራል። ወደ ሌሎች ዓለማት የሚበር መርከብ የሚሠራው መሐንዲስ ዲ-503 መንግሥቱን ለማወደስ ብሎ የየቀን ማስታወሻ መጻፍ ይጀምራል። ይህ ሰሙ ነው። ዳሩ ግን አይ-330 የምትባለውን ሴት ካገኘ በኋላ፣ ምስጋና ሊጽፍ ብዕሩን ባነሣ ቍጥር ፍርሃቱ፣ ቅናቱና ናፍቆቱ ይወጣበታል። ሕልምም ያያል። በተማሪነቱ ጊዜ፣ ራሱን በራሱ ቢያባዙት ከዜሮ በታች አንድ የሚሆን፣ በእጅ የማይጨበጥ ቍጥር መኖሩን ሰምቶ አልቅሶ ነበር፤ ያ ቍጥር አሁን ተመልሶ ያሳድደዋል። በሥሌት የማይገዛው የገዛ ልቡናው በቍጥር መልክ መጣበት ማለት ነው። ሐኪም ዘንድ በሄደ ጊዜም በሽታው ነፍስ ማብቀል መሆኑ ይነገረዋል።

አንባቢ ሆይ፣ ፍጻሜውን ተመልከት። መንግሥቱ ስሜትን ማፈን እንዳልበቃው ባየ ጊዜ፣ ሐሳብ ፈጣሪውን ክፍል ከአንጎል የሚያጠፋ ሕክምና በሰው ሁሉ ላይ አዘዘ። ዲ-503 ይህ ከተደረገበት በኋላ የገዛ ማስታወሻውን አንብቦ፣ ጽሕፈቱ የእጁ መሆኑን እያወቀ፣ እንዲህ ተሰምቶኝ ነበርን ብሎ ይደነቃል። የወደዳት ሴት ስትሠቃይም ያለ አንዳች ሐዘን ይመለከታል። እርስዋ ግን አንድ ቃል አልተናገረችም።

ከእርሱ በኋላ የመጡት ሁለት እንግሊዛውያን ሌላ ሌላ መንገድ አሳዩ። ኦልደስ ሀክስሊ በ1932 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ፣ ምኞት ገና ሳይበስል በደስታና «ሶማ» በሚባል መድኃኒት ይደነዝዛል። ጆርጅ ኦርዌል በ1946 ዓ.ም. ስለ ዛምያቲን መጽሐፍ ሒስ ጽፎ ነበር፤ በ1949 ዓ.ም. ባወጣው በራሱ መጽሐፍ ደግሞ የታፈነው ፍቅር በየቀኑ በሚደረግ የጥላቻ ጩኸት ይፈስሳል። ሆኖም ዊንስተን የተባለው ሰው በሕልሙ እናቱን አየ፤ በልጅነቱ ቸኮላት ከታናሽ እኅቱ መንጠቁ ትዝ አለው፤ እናቴን ገደልሁ ብሎ ሲያስብ መኖሩንም ያን ጊዜ ዐወቀ። የታፈነው በሕልም በር ተመለሰ።

የዛምያቲን መጽሐፍ ታሪክ ራሱ ለዚህ ነገር ምስክር ነው። በአገሩ እንዳይታተም ተከለከለ፤ በ1924 ዓ.ም. ግን በኒውዮርክ በእንግሊዝኛ ወጣ። የተረጐመው ግሪጎሪ ዚልቦርግም በኋላ ጊዜ የፍሮይድን ትምህርት የተከተለ የታወቀ ሐኪም ሆነ። ደራሲው በ1931 ዓ.ም. ለስታሊን ጽፎ ከአገር ለመውጣት ተፈቀደለት፤ በ1937 ዓ.ም. በፓሪስ ሞተ። መጽሐፉ በአገሩ የታተመው በ1988 ዓ.ም. ነው። የታፈነው መጽሐፍ እንደ ታፈነ ስሜት በባዕድ ልሳን ዞሮ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

እንግዲህ ልጅን የሚያሳድግ፣ ደቀ መዝሙርን የሚያስተምር፣ ሕዝብን የሚያስተዳድር ሁሉ ይህን ያስተውል። ሰውን ስሜቱን እንዲገታ ማስተማር ሰው ያደርገዋል፤ ስሜት የለኝም እንዲል ማስገደድ ግን ከራሱ ይለየዋል። የገታ ሰው ወርቁን ያውቃል፤ ወርቁን እንዲያጣ የተደረገ ሰው ግን፣ እንደ ዲ-503፣ የገዛ እጁን ጽሕፈት እያነበበ የማን እንደ ሆነ ይጠይቃል።