«ኤርታሌ»ን የትኛው መደርደሪያ ላይ እናስቀምጠው?

መገናኛ ታክሲ ስንጠብቅ የተነሳ ክርክር ነው። አንዳችን የጃኖ ባንድን «ኤርታሌ» በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል። ሌላኛችን ተቀብሎ አዳመጠና «ይሄማ ሜታል ነው!» አለ። «የምን ሜታል? ቅኝቱ አይሰማህም እንዴ?» ሦስተኛችን «ሮክ በሉትና ገላግሉን» አለች። ታክሲው መጣ፤ ክርክሩም አብሮን ተሳፈረ።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንየው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። አልበሙ የወጣው በ2012 ሲሆን ፕሮዲዩሰሩ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው። ይህ ሰው በ1986 ሞተርሄድ ለተባለው የእንግሊዝ ጯሂ ባንድ፣ በ2001 ደግሞ ለእኛዋ ጂጂ አልበም ሠርቷል። ሁለቱን መንገዶች ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነበር ማለት ነው።

አልበሙን ስንፈታው እንዲህ እናገኘዋለን። የሚያጓራው ኤሌክትሪክ ጊታርና ከባዱ ድራም የሮክና የሜታል ናቸው። ዜማው ግን በአምስት ድምፅ ቅኝት ይሄዳል፤ ድምፃውያኑም እንደ አገራቸው ያንጎራጉራሉ። ሁለቱ የተስማሙት እንዲሁ በአጋጣሚ አይመስለንም። ሜታል ከብሉዝ የወረሰው ብዙ ነገር አለ፤ ብሉዝም አምስት ድምፅ ይወዳል። ልዩነቱ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ነው፤ አንቺ ሆዬንና አምባሰልን ከፈረንጁ የሚለያቸውም ይኸው ነው።

ታዲያ ስሙን ማን ያውጣለት? እዚህ ላይ ሙላቱ አስታጥቄ ትዝ ይለናል። በ1966 አሜሪካ ሳለ ያወጣቸው አልበሞች «አፍሮ ላቲን ሶል» ይባሉ ነበር። በ1974 አዲስ አበባ ላይ በአምሃ ሪከርድስ ያሳተመው ግን «የካቲት ኢትዮ ጃዝ» ተባለ። ሙዚቃው ቅይጥ እንደሆነ ነው፤ ስሙን ግን ባለቤቱ አወጣለት። ዛሬ «ኢትዮ ጃዝ» ሲባል ዓለም ምን እንደሆነ ያውቃል።

ባለቤቱ ስም ካላወጣ ሌላው ያወጣል። በ1987 ለንደን ውስጥ የሙዚቃ ነጋዴዎች አንድ መጠጥ ቤት ተሰብስበው፣ መደርደሪያ ለጠፋለት የሩቅ አገር ሙዚቃ ሁሉ «ወርልድ ሚዩዚክ» የሚል የጋራ ስም መረጡ። ገበያ ከፍቷል፤ አንክድም። «ኤርታሌ»ን እዚያ ብናስቀምጠው ግን ጊታሩ ይጠፋል። «ሮክ» ብቻ ብንለው ደግሞ ቅኝቱ ይጠፋል። ሁለቱም ግማሹን ሰው ሰርቀው ነው የሚሰይሙት።

እኛ «የኢትዮጵያ ሮክ» ብለነዋል፤ «ሜታል» ባዩ ወዳጃችን ግን እስካሁን አልፈረመም። ለነገሩ መገናኛንም ከኮተቤ፣ ከቦሌና ከአራት ኪሎ የመጣው ሁሉ ይገናኝበታል እንጂ በአንዱ ሰፈር ስም አልጠራነውም። እናንተስ ምን ትሉታላችሁ? ፈረንጅ ሳይቀድመን ወስኑ!