አጼ ምኒልክ ዶማ ሲጨብጡ

ሰኔ 21 ቀን 2003 ዓ.ም. የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ሮም ላይ ባካሄደው ጉባኤ፣ ገበሬያችን «ደስታ» የሚለው የከብት በሽታ ከምድረ ገጽ መጥፋቱን አወጀ። ቀኑ በዓመት አንዴ ሊታሰብ ይገባዋል፤ «ክፉ ቀን» የተባለውን ረሃብ ያመጣብን ይኸው በሽታ ነበርና።

ጅምሩ የታወቀ ነው። ጣሊያኖች ከሕንድ በምጽዋ ያስገቧቸው ከብቶች በሽታውን ይዘው መጡ፤ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ደጋውን እያዳረሰ ወረደ። ከአሥር ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተደራረቡበት፤ መከራው እስከ 1884 ዘለቀ።

ረሃቡ ግን ከሰማይ ብቻ አልመጣም። ዝናቡ ሲመለስ ሞፈርና ቀንበሩ በየቤቱ ነበር፤ የሚጠመድ በሬ ግን የለም። ጤፍ ደግሞ ሦስት አራት ጊዜ ያልታረሰ መሬት አይወድም። ጥማድ ያጣ ገበሬ ማሳው አጠገቡ እያለ ተራበ።

አጼ ምኒልክ ዶማ ጨብጠው መቆፈራቸው የሚነገረው በዚህ ጊዜ ነው። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በዜና መዋዕላቸው ጽፈውታል። የቤተ መንግሥት ጸሐፊ ጌታውን ማወደሱ አይቀርም ብለው የሚጠራጠሩ አሉ፤ ጥርጣሬው ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚያ ዘመን የመኳንንት ወግ ዶማ መጨበጥ ለጌታ ቀርቶ ለጭፍራውም ውርደት ነበር። ጸሐፊው ማወደስ ብቻ ቢፈልጉ ኖሮ ፈረስና ጦር፣ ግብርና ሽልማት ነበረላቸው። ጌታን ዝቅ የሚያደርግ የሚመስለውን ሥራ ፈጥሮ በጌታ ስም መጻፍ ምን ይጠቅማል? እኔ ተደርጓል ባይ ነኝ። ንጉሡ ከሚቆፍሩት መሬት ይልቅ ቁም ነገሩ መኳንንቱና ወታደሩ ማየታቸው ነበር፤ ንጉሥ ከቆፈረ ማን «እኔ የጨዋ ልጅ ነኝ» ይላል?

በጋሞና በኮንሶ ተራሮች በእጅ መቆፈር የአባት ሙያ ነው፤ የእንሰት አገርም ያለ በሬ መኖር ያውቅበታል። የደጋው አራሽ ግን ዛሬም ኑሮው በበሬ ነው። አንድ በሬ ያለው ከጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ይገባል፤ ጭራሽ የሌለው ጉልበቱን ሰጥቶ ጥማድ ይዋሳል፣ አለዚያም መሬቱን ለእኩል ይሰጣል።

ደስታ ቢጠፋም ዘመዱ «ደስታ መሰል» በጎችንና ፍየሎችን እየፈጀ ነው። ዓለም እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ሊያጠፋው አቅዷል። ክትባቱ አለ፤ አንድ ጊዜ የተከተበች ፍየል ለዓመታት ትጠበቃለች። ችግሩ መድኃኒቱን ቅዝቃዜውን እንደጠበቀ እስከ ቆላው አርብቶ አደር ማድረስ ነው፤ የመንግሥት በጀት በመጀመሪያ ሊፈስ የሚገባውም እዚያ ላይ ነው።