ወርቁ ለባሕር፣ መዳቡ ለሀገር

በግብፅ ነዋሪ የነበረ፣ ስሙ ያልታወቀ አንድ ግሪካዊ ነጋዴ በአንደኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ ለባሕር ተጓዦች ባዘጋጀው መመሪያ ውስጥ፣ ወደ አዱሊስ ወደብ የሚገቡትን ሸቀጦች አንድ በአንድ ይዘረዝራል። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።) ከግብፅ የሚመጣውን ልብስ፣ የብርጭቆውን ዕቃ፣ ብረቱን፣ ጥቂት ወይንና ጥቂት የወይራ ዘይት ይጠቅስና ናስ ላይ ሲደርስ አንድ ነገር ያክላል፤ የሀገሩ ሰዎች ናሱን ለጌጥ ያደርጉታል፣ ደግሞም እየቆራረጡ በገንዘብ ፈንታ ይገበያዩበታል ይላል። የሮማ ገንዘብም ጥቂት ይገባ ነበር፤ እርሱ ግን በወደቡ ለተቀመጡት የውጭ ነጋዴዎች መገበያያ ነበር። በዚያ ምድር ይገዛ የነበረውን ዞስካሌስ የተባለ ንጉሥም ይኸው ነጋዴ በአጭር ቃል ይሥለዋል፤ ገንዘቡን አጥብቆ የሚይዝ፣ ሁልጊዜም ሌላ የሚሻ፣ ነገር ግን ጨዋና የግሪክን ፊደል የተማረ ሰው ነበር።

የአክሱም የንግድ ታላቅነት የተነሣው ከዚህ ከተቆራረጠ ናስ ነው። አዱሊስ ዛሬ በኤርትራ ምድር፣ ከምጽዋ በስተደቡብ፣ በዙላ ባሕረ ሰላጤ አጠገብ የምትገኝ ፍርስራሽ ናት። በዚያን ጊዜ ከአዱሊስ የተነሣ መንገደኛ ሦስት ቀን ተጉዞ ኮሎኤ ከምትባል የዝሆን ጥርስ ገበያ ይደርሳል፤ አምስት ቀን ሲጨምር አክሱም ይገባል። ከዓባይ ማዶ የሚመጣው የዝሆን ጥርስ አስቀድሞ የሚከማቸው በአክሱም ነበር። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ደግሞ ከአዱሊስ የሚወጣውን ሲቆጥር የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድ፣ የጉማሬ ቆዳ፣ የባሕር ኤሊ ልባስና ጦጣ ካለ በኋላ፣ ባሪያ ብሎ ይጨርሳል። ስለ አክሱም ሐውልቶች ግርማ በሚጻፍበት ጊዜ ይህ የመጨረሻው ቃል አብዛኛውን ጊዜ ይዘለላል። ርዝመቱ 33 ሜትር የሚደርሰውን፣ ዛሬ ወድቆ የተሰበረውን ታላቁን ሐውልት ያስጠረበው ሀብት ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ ያለው ሀብት ሁሉ ነው፤ የመጨረሻው ቃልም ጭምር።

በ270 ገደማ እንዱቢስ የተባለው የአክሱም ንጉሥ መልኩን በወርቅና በብር ላይ አስመታ፤ ብዙም ሳይቆይ መዳብ ተጨመረ። በዚያን ዘመን በራሱ ስም ወርቅ የሚያስመታ መንግሥት በዓለም ላይ ጥቂት ነበር። በዚያው መቶ ዓመት በፋርስ ምድር የተነሣው ማኒ አስተማራቸው ተብለው በተጻፉት ቃላት ውስጥ የዓለም ታላላቅ መንግሥታት አራት ናቸው ተብሎ ሲቆጠር፣ አክሱም ከፋርስና ከሮማ ጋር ተሰልፋ ትገኛለች። ሳንቲሙ ትንሽ ነው፤ በጣት ጫፍ ይያዛል። ሆኖም የንጉሡ ምስል በግራና በቀኝ በእህል ዛላ የታቀፈ ሆኖ መታየቱ የግሪክም የሮማም ልማድ አልነበረም፤ የዚያ የደጋ ሀገር አራሽ ሕዝብ ምልክት ነው። መጀመሪያ ከንጉሡ ራስ በላይ ጨረቃና ክብ ይታይ ነበር፤ በአራተኛው መቶ ዓመት በዒዛና ዘመን በዚያ ስፍራ መስቀል ገባበት።

ሳንቲሞቹ የተገኙበት ቦታና የተጻፉበት ቋንቋ ሲታይ የመንግሥቱ አሠራር ይገለጣል። ወርቁ ከጥቂቶች በቀር የሚናገረው በግሪክኛ ነው፤ በብሩና በመዳቡ ላይ ግን ዘመኑ እየገፋ በሄደ መጠን ግዕዝ ስፍራውን ያዘ። ከዚህም የተነሣ የአክሱም ወርቅ በብዛት የሚገኘው ከባሕር ማዶ ነው። በየመን፣ ከኤደን ብዙ በማይርቅ ስፍራ፣ በአንድ ጉድጓድ ከተቀበረ ሀብት መካከል ከ800 በላይ የአክሱም ወርቅ ሳንቲሞች ከሮማ ወርቅ ጋር ተቀላቅለው ተገኝተዋል። መዳቡ ግን በሀገሩ ቀረ፤ በአክሱም አካባቢ ገበሬው ሲያርስና የክረምት ጎርፍ አፈሩን ሲያጥብ ብቅ የሚለው እርሱ ነው። ለውጭው ነጋዴ ወርቁ የንጉሡን ስምና ማዕረግ ሲነግረው፣ መዳቡ ለሀገሬው የሚነግረው ቃል ሌላ ነበር፤ ይህ ሀገሩን ደስ ያሰኝ ይላል። በእጁ መዳብ ይዞ ወደ ገበያ ለሚወርድ ባላገር ይህን የመሰለ የመልካም ምኞት ቃል የጻፈ ነጋሢ በጥንቱ ዓለም እምብዛም አይገኝም። የአክሱም አንጥረኞች ደግሞ በብሩና በመዳቡ ሳንቲም ላይ፣ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ መካከል፣ ስስ ወርቅ ይለብጡበት ነበር። ይህ ሥራ ድካሙ ከሳንቲሙ ዋጋ ጋር የሚመጣጠን አይመስልም። ሌሎች መንግሥታት ያላደረጉት ጥበብ ነው፤ ለዐይን ካልሆነ ለምን እንደተደረገ ማሰብም ያስቸግራል።

ወርቁ ከየት ይመጣ ነበር? በስድስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አዱሊስን የጎበኘው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ የሚተርከው፣ በሙያው ተውኔት ለሚጽፍ ሰው እንኳ ለመፍጠር የሚከብድ ትዕይንት ነው። የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ በአገው ገዥ አማካይነት ነጋዴዎችን ሳሱ ወደምትባል የወርቅ ሀገር ይልካል፤ የራሳቸውን ንግድ የሚሹ ሌሎችም ይከተሏቸዋልና ጓዙ ከአምስት መቶ ሰው በላይ ይሆናል። በሬ እየነዱ፣ ጨውና ብረት ጭነው ይጓዛሉ። ከስፍራው ሲደርሱ በእሾህ አጥር ይሠሩና በውስጡ ይሰፍራሉ፤ በሬዎቹን አርደው ሥጋውን ከጨውና ከብረት ጋር በእሾሁ ላይ ይደረድራሉ። የሀገሩ ሰዎች የግብጦ ፍሬ የሚያህል የወርቅ እንክብል ይዘው ይመጡና ደስ ባላቸው ሥጋ ወይም ጨው ወይም ብረት ላይ አንድ ሁለት እንክብል አስቀምጠው ፈቀቅ ይላሉ። የበሬው ባለቤት ቀርቦ ያያል፤ ዋጋው ከበቃው ወርቁን ያነሣል፣ ያም ተመልሶ ሥጋውን ይወስዳል። ካልበቃው ወርቁን ሳይነካ ይተወዋል። ባለወርቁ ተመልሶ ወርቁ እንዳለ ሲያገኘው ወይ ይጨምራል፣ ወይ ወርቁን ይዞ ይሄዳል። አንድ ቃል አይነገርም፤ ቋንቋቸው የተለያየ ነው፣ አስተርጓሚም የለም። ገበያው በአምስት ቀን ያልቃል፤ መንገዱ ደርሶ መልስ ስድስት ወር ይፈጃል። ሲመለሱ መሣሪያቸውን ታጥቀው ይፈጥናሉ፤ ወርቁን የሚቀማ ሽፍታም፣ ወንዝ የሚሞላ ክረምትም ያሳድዳቸዋልና።

እንግዲህ በአንድ ጫፍ ቃል የሌለበት የእሾህ ገበያ፣ በሌላው ጫፍ የብዙ ሀገር ቋንቋ የሚነገርበት አዱሊስ ነበር። አክሱም በመካከል ሆና ሁለቱን ታገናኛለች። ኃይሏም ድካሟም ከዚሁ ስፍራዋ የመነጨ ነው።

ይህ በግልጽ የታየው በንጉሥ ካሌብ ዘመን ነው። በደቡብ ዐረብ የናግራን ክርስቲያኖች በ523 ከተፈጁ በኋላ፣ ካሌብ በ525 ሠራዊቱን በመርከብ አሻግሮ የሒምያርን ንጉሥ ዮሴፍ ዙ ኑዋስን ድል አደረገ። ለሃይማኖት የተደረገ ዘመቻ ነበር፤ የባሕሩን ሁለቱን ዳር በአንድ እጅ ለመያዝም የተደረገ ነበር፤ ሁለቱን መለያየት ዛሬ ለሚጽፍ እንጂ በዚያን ጊዜ ለዘመተ ሰው የሚቻል አይመስልም። የቢዛንታይን መልእክተኞች ስለ አክሱም ንጉሥ የተዉት ሥዕል የክብር ጫፍ ነው፤ አራት ዝሆኖች በሚስቡት ሠረገላ ላይ ቆሞ፣ በወርቅ አጊጦ ይታያል። ነገር ግን በ531 ገደማ ንጉሠ ነገሥት ዩስጢንያኖስ የላከው ጥያቄ የዚህን ክብር ወሰን አሳየ። ጥያቄው፣ አክሱማውያን ሐሩን ከሕንድ እየገዙ ለሮማ እንዲሸጡ፣ ጠላት ፋርስም ከመካከል እንድትወጣ የሚል ነበር። የታሪክ ጸሐፊው ፕሮኮፒዮስ እንደሚለው ነገሩ አልተሳካም፤ የፋርስ ነጋዴዎች ለሕንድ ቅርብ ናቸውና መርከቦቹ በሚያርፉበት ወደብ አስቀድመው እየደረሱ ጭነቱን ሁሉ ይገዙ ነበር። በአራት ዝሆን የሚሳበው ንጉሥ የሩቁን ገበያ በር ሊያስከፍት አልቻለም።

የየመኑም ድል አልጸናም። አብርሃ፣ ፕሮኮፒዮስ እንደሚነግረን ቀድሞ በአዱሊስ የሚነግድ የአንድ ሮማዊ ባሪያ የነበረው ሰው፣ ካሌብ የሾመውን አስወግዶ ራሱ ነገሠ፤ ሊቀጣ የተላከውም ሠራዊት አልቻለውም። በ541 ወረርሽኝ የሮማን ዓለም መታ። በ570ዎቹ ፋርስ የመንን ያዘች። ከ602 እስከ 628 ሮማና ፋርስ ተዋግተው ሁለቱም ደከሙ፤ በ642 እስክንድርያ በዐረቦች እጅ ሆነች። የአክሱምን የዝሆን ጥርስ ይገዛ የነበረው ሰው ገበያውን ትቶ ሄደ ማለት ነው። በ702 ዐረቦች ከአዱሊስ ፊት ለፊት ያሉትን የዳህላክ ደሴቶች ሲይዙ በሩ ተዘጋ።

የሳንቲሞቹ የመጨረሻ ዘመን ይህን ሁሉ ይመሰክራል። ወርቁ እየቀጠነና እየተደባለቀ ሄደ። ከዚያ የሚበልጠው ምልክት ግን ፊደሉ ነው። በኋለኞቹ የወርቅ ሳንቲሞች ላይ የሚታየው ግሪክኛ የተንጋደደ፣ ፊደሉ የተገለበጠና የተዘለለ ነው። ቀራጩ የማያነበውን እየቀዳ ነበር። ዞስካሌስ የተማረው ፊደል ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ ጌጥ ብቻ ሆኖ ቀረ፤ ወርቁን የሚያነብለት ሰውም አልነበረም። በመዳቡ ላይ ያለው ግዕዝ ግን ንጹሕና የሚነበብ እንደሆነ ነው፤ ከመጨረሻዎቹ ነገሥታት አንዱ የሆነው አርማህ ለሕዝቡ ደስታ እንዲሆን ይመኛል። ከዚህ በኋላ፣ በሰባተኛው መቶ ዓመት፣ ሳንቲም መመታቱ ቀረ።

በሕዝብ ዘንድ የአክሱም ጥፋት የሚነገረው በዮዲት ጉዲት ስም ነው። ያች ንግሥት ያደረሰችው ጥፋት ምንም ያህል ቢሆን፣ ዘመኗ ዐሥረኛው መቶ ዓመት ነው፤ ሳንቲሙ ዝም ካለ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ አልፎ ነበር። በዘጠነኛው መቶ ዓመት የጻፈው ዐረባዊው አል ያዕቁቢም የሐበሻን ንጉሥ ከተማ በሌላ ስም፣ ኩዕባር ብሎ ይጠራዋል። ጥፋቱን በእስልምና ላይ መጫንም ነገሩን ማቅለል ነው፤ በ615 የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ከመካ ሸሽተው የተጠለሉት በዚሁ መንግሥት ነበርና። መሬቱስ? ካርል ቡትዘር በ1981 ባሳተመው ጥናት፣ ብዙ ሕዝብ የተሸከመው የአክሱም አፈር ታጥቦ እንደደከመ ጽፏል፤ የኋላ ተመራማሪዎች በዚህ ላይ ጥያቄ አንሥተዋል። አፈሩ ደክሞም ቢሆን፣ ማረስና ማጨድ አልቆመም፤ የቆመው ወርቅ ነው።

ከዚያ ወዲያ በደጋው ሀገር ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ ብር እስኪያስመቱ ድረስ መልኩን በሳንቲም ላይ ያስቀረጸ ንጉሥ አልነበረም። ኮስማስ በበሬዎቹ አጠገብ ተጭኖ ያየው ጨው ግን አልቆመም። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር እየተጠረበ፣ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋው እየወጣ፣ አሞሌ ተብሎ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ በገበያው ተቆጠረ።