ናሙና ያልሆነው «ናሙና»፦ ስለ ሁለት የዕድል ስሌት ስያሜዎች ታሪክ

የዕድል ስሌት መማሪያን ወደ አማርኛ ለመመለስ የተነሣ ተርጓሚ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ሁለት ስያሜዎች ይገጥሙታል። እንግሊዝኛው አንዱን «ሳምፕል ስፔስ»፣ ሌላውን «ኢቨንት» ይላቸዋል። ቃል በቃል ቢመለሱ የፊተኛው «የናሙና ኅዋ»፣ የኋለኛው «ክስተት» ይሆናል፤ ሥራውም ያለቀ ይመስላል። የስያሜዎቹ ታሪክ ግን ይህን አተረጓጎም አይደግፍም።

ፅንሰ ሐሳቡ ከስሙ በብዙ ዘመን ይቀድማል። በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ጋሊሌዮ ስለ ዳይስ ጨዋታ አጭር ጽሑፍ ጽፎ ነበር። ጥያቄው ሦስት ዳይሶች ሲጣሉ ድምሩ 9 የሚሆነውም 10 የሚሆነውም በስድስት በስድስት ዓይነት የቁጥር ቅንብር ሆኖ ሳለ፣ ተጫዋቾች 10 ይበልጥ እንደሚወጣ የታዘቡት ስለ ምን ነው የሚል ነበር። ጋሊሌዮ ቅንብሮቹን ትቶ እያንዳንዱን ዳይስ ለየብቻ እየተከታተለ ቆጠረ። ከ216ቱ አወጣጦች 25ቱ 9ን፣ 27ቱ 10ን ይሰጣሉ። ልዩነቱ የመጣው «ሊወጣ የሚችለው ምን ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ በተሰጠው መልስ ላይ ነው። ያ መልስ ግን ገና ስም አልነበረውም።

የስሙ መታጣት ያስከተለውን ችግር ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው ዳላምቤር ነው። እ.ኤ.አ. በ1754 በታተመው የታላቁ የፈረንሳይ ኢንሲክሎፔዲያ አራተኛ ቅጽ፣ ሳንቲም ስለ መወርወር በጻፈው አንቀጽ (ርእሱ በእኛ አነጋገር «ዘውድ ወይስ ጎፈር» እንደ ማለት ነው፤ ዘውዱ ከሳንቲሙ ከወረደ በኋላም ቃሉ በአፋችን ቀርቷል) የተለመደውን መልስ ተቃወመ። ሳንቲም ሁለት ጊዜ ሲወረወር ቢያንስ አንድ ዘውድ የመውጣቱ ዕድል ከአራት ሦስት ነው ይባል ነበር። ዳላምቤር ግን በመጀመሪያው ውርወራ ዘውድ ከወጣ ጨዋታው አብቅቷልና ጉዳዮቹ ሦስት ብቻ ናቸው አለ፤ ይኸውም ዘውድ፣ ጎፈር ቀጥሎም ዘውድ፣ ጎፈር ቀጥሎም ጎፈር። ስለዚህ ዕድሉ ከሦስት ሁለት ነው ብሎ ደመደመ።

ስሕተቱ ብዙ ጊዜ እንደሚባለው በዝርዝሩ ላይ አይደለም። ሦስቱ ጉዳዮች አንዱ ከሌላው ሳይደራረብ ያን ጨዋታ ፈጽመው ይሸፍናሉ። የተሳሳተው እኩል ክብደት በመስጠቱ ነው፤ የመጀመሪያው ጉዳይ ግማሹን፣ ሌሎቹ ሁለቱ ሩብ ሩቡን ይይዛሉና። ዝርዝሩ አንድ ነገር፣ በዝርዝሩ ላይ የሚታደለው ዕድል ሌላ ነገር መሆኑን የሚለይ ቃል በዘመኑ አልነበረም። ላፕላስም እ.ኤ.አ. በ1812 ባሳተመው ታላቅ ሥራ «እኩል የሚቻሉ ጉዳዮች» በሚለው አነጋገር ሁለቱን እንደ ተጣበቁ አቆያቸው።

ያላቀቃቸው ኮልሞጎሮቭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 በርሊን ላይ በጀርመንኛ ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ አስቀድሞ አንድ ስብስብ አኖረ፤ አባላቱን «መሠረታዊ ኩነቶች»፣ ከንዑስ ስብስቦቹ የተመረጡትን «ኩነቶች» አላቸው፤ ዕድል የሚባለው ቁጥር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለስብስቡ ግን የተለየ መጠሪያ ሳይሰጠው በአንዲት ፊደል ብቻ አለፈው። በዚያው ዓመት ኔይማንና ፒርሰን ስለ ግምተ ሐሳብ ፍተና በጻፉት ጥናት «ሳምፕል ስፔስ» የሚለውን ስያሜ ተጠቀሙበት። በእነርሱ ዘንድ ቃሉ በቦታው ነበር፤ እያንዳንዷ ነጥብ በርግጥም አንድ የስታቲስቲክስ ናሙና ትወክል ነበርና። ስያሜው በመማሪያ መጻሕፍት የተስፋፋው ግን ፌለር እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው መግቢያ ላይ ለማናቸውም ሙከራ መነሻ ካደረገው ወዲህ ነው። ፅንሰ ሐሳቡ ሰፋ፤ «ሳምፕል» የሚለው ቅጥያ ግን እንዳለ ቀረ።

እንግሊዝኛ ይህን ትርፍ ሸክም በልማድ ተሸክሞታል፤ እኛ የምንሸከምበት ምክንያት አይታየኝም። ነጋዴ ከጆንያው እፍኝ ቡና አውጥቶ ሲያሳይ ናሙና የምንለው እፍኙን እንጂ ጆንያውን አይደለም። እዚህ ግን ሊሰየም የተፈለገው ጆንያው ነው። ስለዚህ «የናሙና ኅዋ» ተማሪውን የፅንሰ ሐሳቡን ተቃራኒ ያስይዘዋል። ለዚህ ጸሐፊ «የውጤት ኅዋ» የተሻለ ነው። ዕጣ «ይወጣል» የምንል ሰዎች ነንና «ውጤት» ከዚህ ጋር ሥሩም ይስማማል። የ«ኢቨንት» ምንጭ የሆነው የላቲን ግሥም «ወጣ» ማለት ነው። እንግሊዝኛው ቃሉን ከአንዱ ውጤት አንሥቶ ወደ ውጤቶች ስብስብ ስላዛወረው ግን ለሁለቱ ሁለት ስም ያስፈልገናል።

ለሁለተኛው «ክስተት»ን አንመርጥም። ቃሉ የተገለጠን፣ የታየን ነገር ለማመልከት በሳይንስ ጽሑፎች ሥራ ይዟል፤ በዚህ ላይ ባዶው ስብስብም እንደ ሌሎቹ ስም ይሻልና «የማይከሠት ክስተት» ለማለት እንገደዳለን። «ኩነት»ም ከ«ኮነ» የወጣ ነውና ከዚህ ነቀፋ ፈጽሞ አያመልጥም፤ ሆኖም በዕለት ተዕለት ንግግር እምብዛም ስላልተያዘ አዲሱን ትርጉም ለመቀበል ይቀለዋል። እንዲህ ከሆነ ከዳላምቤር ሦስት ውጤቶች ሁለቱ በአንድነት «ቢያንስ አንድ ዘውድ» የተባለውን ኩነት ያቆማሉ፤ ዕድሉም ግማሽና ሩብ ተደምሮ ከአራት ሦስት ይሆናል።